ደሴን የሚሠራ ሌጎ የትኛው ነው?

«የትኛው የሌጎ (እየተጋጠመ የሚሠራ የፕላስቲክ ጡብ) ዘርፍ ይሻላል?» ሲባል ብዙ ሰው የሚመልሰው ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ ነው። አንዱ ቤተ መንግሥት ይላል፣ አንዱ የጠፈር መርከብ፣ ሌላው አበባ። የኔ ሚዛን ሌላ ነው። ማኑዋሉ አልቆ፣ ሥራው መደርደሪያ ላይ ስድስት ወር ከርሞ፣ አንድ ቀን ሲፈርስ እጅ ላይ ምን ይቀራል? የቀረውስ በማኑዋሉ ያልታሰበ ነገር ይሠራል ወይ? እኛ ጋ ሲሆን ይህ ጥያቄ ይከብዳል፤ ምክንያቱም በየትኛውም ካርቶን ውስጥ ደሴ የለችም። የጦሳ ተራራ የለም፣ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ የለም፣ አይጠየፍ አዳራሽ የለም። ደሴን የፈለገ ሰው ከሌላ አገር ቤተ መንግሥትና ከሌላ ከተማ ካፌ እየነቀለ ነው የሚሠራት።

ስለዚህ ዘርፎቹን አንድ በአንድ በዚህ ዓይን ልያቸው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ልኩ፤ ልኩን ያልያዘ ሰው የቀረውን አይከተለውም። ዛሬ የምናውቀው ጡብ የፓተንት ማመልከቻው የገባው ጃንዋሪ 28 ቀን 1958 ነው፣ ዴንማርክ ውስጥ። ጡቡ አናት ላይ ያለችውን ክብ ጉብታ እዚህ «ጉጥ» ልበላት። ከአንዷ ጉጥ መሐል እስከ ቀጣዩዋ መሐል 8 ሚሊ ሜትር ነው። የጡቡ ቁመት 9.6 ሚሊ ሜትር፣ የስሱ ፕሌት ውፍረት 3.2 ሚሊ ሜትር፤ ሦስት ፕሌት አንድ ጡብ ያህላል ማለት ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገር ይወጣል፣ ሁለቱም በቃል መያዝ አለባቸው። አምስት ፕሌት ሲደረብ 16 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ልክ የሁለት ጉጥ ስፋት ነው። አምስት ጡብ ሲደረብ 48 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ደግሞ ልክ የስድስት ጉጥ ስፋት። ቁመትና ስፋት የሚታረቁት እዚህ ላይ ነው፣ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማም የምትቆመው በዚህ እርቅ ነው።

አሁን ወደ ዘርፎቹ። ከሁሉ የማስቀድመው የቤተ መንግሥቱን ዘርፍ ነው። በ1978 የወጣው የመጀመሪያው ትልቅ ቤተ መንግሥት ቁጥሩ 375 ነበር፣ ግንቡም ቢጫ። ዘርፉ ባለፉት ዓመታት ብቅ ጥልቅ ሲል ቆይቶ፣ ኩባንያው 90 ዓመት በሞላበት በ2022 ቁጥር 10305 የአንበሳ ፈረሰኞች ግንብ በ4514 ቁራጭ ወጣ። አዋቂዎቹ የተደሰቱት በልጅነት ትዝታ ብቻ አይደለም። ቤተ መንግሥት የሚያመጣው ቁራጭ ግንብ የሚሠራበት ቁራጭ ነው፦ ግራጫ ጡብ፣ ቅስት፣ ተዳፋት ጡብ፣ ፊቱ ላይ የድንጋይ መጋጠሚያ የተቀረጸበት ባለ 1×2 ጉጥ ጡብ። ደሴ ውስጥ ሁለት ሰፈር የተመላለሰ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ያውቃል። ከተማዋ የቆመችው በድጋፍ ግንብ ነው፤ የአንዱ ቤት ግቢ የሌላው ቤት ጣሪያ ትከሻ ላይ ነው። በጀቱ ለትልቁ ለማይበቃ ሰው በ2021 የወጣው ቁጥር 31120 ቤተ መንግሥት በ1426 ቁራጭ ያው ዓይነት ግራጫ ይሰጣል፤ ከዚያው ካርቶን ሦስት የተለያየ ነገር እንዲሠራ ተደርጎ ስለታሰበም ቁራጮቹ ለአንድ ቦታ ብቻ የተቀረጹ አይደሉም። እኔ የምመርጠው እሱን ነው። አንድ ትልቅ ከመግዛት እሱን ሁለት ማግኘት ይበጃል፤ ለግንብ የሚፈለገው ያው ቁራጭ በብዛት ነውና።

ሞዱላር የሚባሉት ሕንፃዎች በ2007 በካፌ ኮርነር ጀመሩ፣ 10182፣ 2056 ቁራጭ። እያንዳንዳቸው ብዙውን ጊዜ 32×32 ጉጥ፣ ማለትም 25.6 ሳንቲ ሜትር በ25.6 ሳንቲ ሜትር በሆነ መሠረት ላይ ይቆማሉ፣ ከጎረቤታቸውም በቴክኒክ ፒን፣ ማለትም ቀዳዳ ውስጥ በሚገባ ትንሽ ማያያዣ፣ ይያያዛሉ። ከእነሱ የሚገኘው መስኮት፣ የበር ክፈፍ፣ ክሬም ቀለም ያለው ጡብና የጌጥ ቁራጭ ነው። ፒያሳን፣ በተለይ በጣሊያን ጊዜ የተሠሩትን ሕንፃዎች ለመሥራት ከዚህ የተሻለ ምንጭ የለም። አንድ ጉድለት ግን አላቸው፦ ሁሉም ሜዳ ላይ ናቸው። ሁለት ሞዱላር ጎን ለጎን የሚገጥሙት መሬቱ አንድ ከፍታ ሲሆን ብቻ ነው፤ ደሴ ደግሞ አንድ ከፍታ የላትም።

የጠፈሩ ዘርፍ ወዳጆች ይቅር ይበሉኝ እንጂ፣ ለዚህ ሥራ የሚሰጠው ጥቂት ነው። በ2022 የወጣው ጋላክሲ ኤክስፕሎረር፣ 10497፣ 1254 ቁራጭ ይዞ የ1979ን መርከብ በክብር የመለሰ ድንቅ ሥራ ነው፤ ሳይፈርስ ይቀመጥ። በ1999 የጀመረው ስታር ዎርስ በጣም ብዙ ግራጫ ፕሌት ይሰጣል፣ ለጣሪያ ሥር ይጠቅማል። ቴክኒክ የሚባለው ዘርፍ ለማሽን ነው፣ ለቤት አይደለም።

አዋቂዎችን የሚያከራክረው ከ2020 ጀምሮ «18+» ተብሎ በጥቁር ካርቶን የሚወጣው ነው። የኔ አቋም ግልጽ ነው። ለመደርደሪያ ጌጥ ተብሎ የተሠራ ነገር መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን የቁራጭ ብዛት ዋጋ መለኪያ ተደርጎ ሲቀርብ ሰው ይታለላል። የ2021ዱ የዓለም ካርታ፣ 31203፣ 11,695 ቁራጭ አለው። አይፍል ታወር፣ 10307፣ 10,001 አለው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ካርታው ይበልጣል ይላል። ካርታው ግን አብዛኛው ጣት ጫፍ ላይ የምትቀመጥ ባለ አንድ ጉጥ ክብ ቁራጭ ነው፤ ግድግዳ አይሠራበትም። ዋጋን በቁራጭ ብዛት ከማካፈል በክብደት ማካፈል ይሻላል። አንድ ባለ 2×4 ጡብ 2.3 ግራም ገደማ ነው፤ አንድ ኪሎ ንጹሕ 2×4 ከ430 ጡብ በላይ ይሆናል። ይህን ያወቀ ሰው ያገለገለ ሌጎ በከረጢት ሲቀርብለት በእጁ መዝኖ ምን እንደሚገዛ ይገምታል።

ስለ አመጣጡም አንድ ነገር። እኛ ጋ ትልቁ ካርቶን የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በዘመድ ሻንጣ ነው፣ ሻንጣ ደግሞ ልኩ ይታወቃል። ካርቶኑ ውስጥ ብዙው ቦታ አየር ነው። የሚያመጣው ሰው ካርቶኑን ከፍቶ ቁጥር የተጻፈባቸውን ከረጢቶች ብቻ ልብስ መሐል ቢያስቀምጥ ቦታው በግማሽ ይቀንሳል። ማኑዋሉንም ለክብደት ሲባል መተው ይቻላል፤ ኩባንያው በድረ ገጹ በነፃ ያስቀምጠዋል፣ የካርቶኑን ቁጥር ማወቅ ይበቃል። የማይተወው የስቲከሩ ወረቀት ነው። እሱ በመጽሐፍ መሐል ጠፍጣፋ ሆኖ ይምጣ፤ አንዴ ከታጠፈ መስመሩ አይለቅም።

ያገለገለ ድብልቅ ከረጢት ሲገኝ ሰፌድ ላይ ዘርግቶ ምስር እንደሚለቀም መልቀም ነው። መጀመሪያ ሌጎ ያልሆነውን ማውጣት፦ በእያንዳንዷ ጉጥ አናት ላይ ስሙ በትንሹ ተቀርጿል፣ ብርሃን በአግድም ሲያርፍበት ይታያል። ሌላው ተመሳሳይ ጡብ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ አንዳንዱ በደንብ ይገጥማል። ችግሩ መደባለቁ ነው። የአንዱ ልክ ከሌላው በጥቂቱ ከተለየ በአንድ ጡብ አይታወቅም፣ 16 ጉጥ በረዘመ ግድግዳ ላይ ግን ልዩነቱ ተደምሮ ግድግዳው ይቀስታል። ቀጥሎ መለየት በቅርጽ ነው፣ በቀለም አይደለም። ቀለም ዓይን ያስደስታል፣ ግን በጥቁር ክምር ውስጥ አንዲት ጥቁር 1×1 መፈለግ ግማሽ ሰዓት ይበላል፤ በ1×1 ዕቃ ውስጥ ጥቁሯን መፈለግ ግን የዓይን ጥቅሻ ነው። ማጠቢያው ሳፋ፣ ለብ ያለ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና ነው፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሳይበልጥ። ትንንሹን በትራስ ልብስ አስሮ ማሸት ነው። የሚደርቀው ጥላ ሥር እንጂ ፀሐይ ላይ አይሁን። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ብርዷ ፀሐይዋን ያስረሳል፤ አልትራቫዮሌቱ ግን በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ነጩንና ግራጫውን ጡብ የሚያጠይመው እሱ ነው። በመስኮት አጠገብ የቆመ ሥራ በአንድ ጎኑ ብቻ ቢጫ ሲሆን አይተው «ቆሸሸ» የሚሉ አሉ፤ በሳሙና አይለቅም።

እንግዲህ ቤቱ። ትንሿ የሌጎ ሰው 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትቆማለች። አንድ ሜትር ከሰባ ከሚሆን ሰው ጋር ሲተያይ አንድ ጉጥ ወደ 34 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። 12 በ16 ጉጥ የሆነ ቤት አራት ሜትር በአምስት ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የታወቀ የደሴ ባለ ሁለት ክፍል ቤት። ግድግዳው ሰባት ረድፍ ይሁን፤ የበሩ ክፈፍ ስድስት ጡብ ስለሚቆም ሰባተኛው ረድፍ ከላዩ ማሰሪያ ይሆናል። በአንዱ ረድፍ ረጅሙ ግድግዳ ማዕዘኑን ይያዝ፣ በቀጣዩ አጭሩ ይያዝ። እንዲህ ሲሆን በየረድፉ 12 ባለ 1×4 እና ሁለት ባለ 1×2 ይገባል፣ መጋጠሚያውም በአንድ ጉጥ እየተዛነፈ ይሄዳል። አንድ በርና ሁለት መስኮት ሲቀነስ በድምሩ 72 ያህል 1×4 እና 20 ያህል 1×2 ይበቃል፤ የ1×2ው ትርፍ በበርና በመስኮት ጥግ የሚሄድ ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው ማዕዘኑ ላይ ነው፦ ሁልጊዜ ረጅሙን ግድግዳ ጫፍ ድረስ ይወስደዋል፣ አራቱ ግድግዳዎች አራት የተለያየ ሳንቃ ሆነው ይቀራሉ፣ ጣሪያ ሲጫን ይከፈታሉ።

ቀለሙ ክሬም፣ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ወይም ጭቃው የሚታይ ከሆነ ጠቆር ያለ ክሬም። ሁሉንም ቤት አንድ ዓይነት ቀለም ማድረግ ከተማዋን ይገድላታል።

ቆርቆሮው ዋናው ነገር ነው፤ ከላይ የሚያያት ሰው ደሴን የሚያውቃት በጣሪያዋ ነው። ለዚህ ባለ 1×2 ፍርግርግ ታይልን (ታይል አናቱ ላይ ጉጥ የሌለው ስስ ቁራጭ ነው) የሚተካከለው የለም። በሁለቱም ጎን አንድ አንድ ጉጥ ክፈፍ እንዲወጣ አንዱ የጣሪያ ክንፍ 8 በ18 ጉጥ ይሁን፤ 72 ፍርግርግ ይፈልጋል፣ ሁለቱ ክንፍ 144። መስመሮቹ ከጣሪያው አናት ወደ ታች መውረድ አለባቸው፤ በአግድም የተቀመጡ እንደሆነ አጥር እንጂ ቆርቆሮ አይመስልም። ከ72ቱ 15 ያህሉን ቀይማ ቡናማ ማድረግ ዝገቱን ያመጣዋል። ግን ዝገት እንደ ቁንዶ በርበሬ አይበተንም። ዝገት የሚጀምረው ውሃ በሚያርፍበት ነው፦ በታችኛው ጠርዝና ሁለት ቆርቆሮ በሚደራረብበት መስመር። ቡናማውን እዚያ ሰብሰብ አድርጎ ወደ ላይ ማሳሳት ነው። ይህ ጣሪያ ከባድ ነው። በአናቱ ባለው ማጠፊያ ብቻ ከተንጠለጠለ መሐሉ ይረግባል፤ ስለዚህ የጎን ግድግዳዎቹ በፕሌት ደረጃ እየጠበቡ ሦስት ማዕዘን ሆነው ወጥተው ክንፉን ከሥር ይሸከሙት።

ቡናማው ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቀይማ ቡናማና ጥቁር ቀይ ቁራጮች፣ በተለይ ከ10 ዓመት በላይ የቆዩት፣ እንደ ደረቅ ብስኩት ይሰነጠቃሉ። ከገጠሙ በኋላ ሲነቀሉ ነው የሚሰበሩት። እንግዲህ አሮጌ ቡናማ አንዴ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ይግባ፣ ሲነቀልም በጥርስ ወይም በቢላ ሳይሆን በጡብ መንቀያው ቀስ ተብሎ።

አሁን ተዳፋቱ። ከቤት ቤት የሚወርደው እርከን አምስት ጡብ ይሁን፤ በሰዋችን ልክ ወደ ሁለት ሜትር ግንብ ነው፣ ከላይ እንዳልኩትም ስድስት ጉጥ ስለሚያህል የግንቡን ፊት ለብቻው ጠፍጣፋ ሠርቶ በጎኑ ማቆም ይቻላል። ፊቱ የሚሠራው በፕሌት ላይ ነው፦ ግራጫ ታይል፣ ክብ 1×1፣ ትንንሽ ተዳፋት፣ እንደ ካብ ድንጋይ የተዛነፈ። እሱን የሚይዙት በጎናቸው ጉጥ ያላቸው ጡቦች ናቸው። ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው። ባለ ጎን ጉጡን ጡብ በሌላው ባለ ጎን ጉጥ ላይ በቀጥታ ይደርባል። በጉጦቹ መሐል 9.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ፊቱ ግን የሚጠብቀው 8 ወይም 16 ነው። ተጭኖ ይገባል፤ በሳምንቱ ግንቡ ሆዱን ነፍቶ ይወድቃል። ትክክሉ፦ ባለ ጎን ጉጥ ጡብ፣ ሁለት ፕሌት፣ ከዚያ ቀጣዩ ባለ ጎን ጉጥ። ጡቡ ሦስት ፕሌት ነው፣ ሁለት ሲጨመር አምስት፣ አምስት ፕሌት 16 ሚሊ ሜትር፣ ልክ ሁለት ጉጥ። ደግሞ በሁሉም ጉጥ መያዝ የለበትም፤ በአንድ ስድስት በ16 ፊት ላይ ስምንት ጉጥ ከበቂ በላይ ነው።

የእርከኑን ሆድ ጡብ ሞልቶ መድፈን ብክነት ነው። 32 በ32 የሆነ አምስት ረድፍ ጥቅጥቅ ያለ መሬት 640 ባለ 2×4 ጡብ ይበላል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል። መፍትሔው የሕፃናቱ ዱፕሎ ነው። ብዙ አዋቂ ይንቀዋል፤ ዱፕሎ ግን በሁሉም አቅጣጫ የጡቡ እጥፍ ስለሆነ ከእሱ ጋር ይገጥማል። አንድ ባለ 2×4 ዱፕሎ አራት በስምንት ጉጥ ቦታ ይይዛል፣ ቁመቱ ሁለት ጡብ ነው። ሁለቱ ሲደረቡ አራት ጡብ፣ በላያቸው አንድ ረድፍ ተራ ጡብ ሲጨመር አምስት። 32 ዱፕሎ በገበጣ ሳይሆን በዳማ ገበታ አቀማመጥ፣ አንዱን ሞልቶ አንዱን እየዘለሉ፣ የአካባቢውን ግማሽ ይይዛል፤ ክፍተቱን ትልልቅ ፕሌቶች ይሻገሩታል። በዱፕሎው ላይ በቀጥታ የሚቀመጠው ጡብ ይሁን። ፕሌት ስስ ስለሆነ የዱፕሎው ረጅም ጉጥ ያነሳዋል። የሁሉም መሠረት ኮምፔንሳቶ ነው፣ ቢያንስ አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፤ ቀጭን ከሆነ ሥራው ሲነሳ ይጎብጣል፣ የላይኛው እርከን ይሰነጠቃል።

48 በ48 የሆነ መሬት 38.4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 16 ጉጥ ስፋት ያለው ሦስት እርከን ይይዛል። በየእርከኑ ለቤቱ 12 ጉጥ፣ ለግቢው አራት። በቤትና በቤት መሐል የምትወርደው መንገድ አራት ጉጥ ከበቃች ብዙ ነው፤ ደረጃዋ በየሁለት ፕሌት ይውጣ። የቤቶቹ መስመር እንዳይደረደር አንዱን በግማሽ ጉጥ ማዛነፍ ያስፈልጋል፣ ለዚህም አናቱ ላይ መሐሉን የያዘች አንዲት ጉጥ ያለችው 1×2 ፕሌት አለች። ስምንት ያህል ከቤቱ ሥር ቢገቡ ይበቃል። ይህች ትንሽ መዛነፍ ናት ሰፈሩን በማስመሪያ ከተሰመረ ነገር የምትለየው።

ኮምቦልቻ ሌላ ሥራ ናት፤ ሜዳዋ ለባቡር ዘርፍ የተመቸ ነው። የሌጎ ሀዲድ በሁለቱ ብረት መሐል 37.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በኮምቦልቻ የሚያልፈው የአዋሽ–ሃራ ገበያ መስመር 1435 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሲካፈል 1 ለ38 ይመጣል፤ ከትንሿ ሰው ልክ ብዙ አይርቅም። መጠምዘዣው ግን ያስቸግራል። 16 ቁራጭ ሙሉ ክብ ይሠራል፣ ከመሐሉ እስከ ሀዲዱ 32 ሳንቲ ሜትር ብቻ፤ ረጅም ፉርጎ እዚያ ሲዞር መሐሉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል። ሀዲዱ አጠገብ የሚቆም ማንኛውም ግድግዳ አስቀድሞ በረጅሙ ፉርጎ ይለካ።

የቀረው ጦሳ ነው። ከኋላ የሚቆመው ተራራ አንድ ቀለም ብቻ ከተሰጠው ዓመቱን ሁሉ ይዋሻል። ልብሱን በ8×8 ፕሌት ላይ ለየብቻ መሥራት፣ እያንዳንዱንም በአራት ጉጥ ብቻ ማስያዝ፣ ሲፈለግ በጣት እንዲነሳ። ለበጋው ጠቆር ያለ ክሬምና የወይራ አረንጓዴ፣ ለክረምቱ ማለፊያ ደማቅ አረንጓዴ። ለመስከረሙ ልብስ ደግሞ ከዚያ ግድግዳ አይሠራበትም ካልኩት የዓለም ካርታ ቢጫዎቹን ባለ አንድ ጉጥ ክብ ቁራጮች መልቀም ነው። በአንድ 8×8 ላይ አሥር አሥራ ሁለት፣ በገደሉ ጠርዝ ሰብሰብ፣ ወደ ላይ ሳሳ ብለው፤ አደይ አበባ ናቸው።